አዲስ ርዕሰ መምህር ከወላጆች ጋር ሲተዋወቅ

በኢትዮጵያ የትምህርት ዘመኑ በመስከረም ሲጀመር በብዙ ትምህርት ቤቶች በር ላይ የወላጆች ስብሰባ ጥሪ ይለጠፋል፤ በስብሰባው ላይ ከሚከናወኑት ጉዳዮች አንዱም በዝውውር ወይም በውድድር አዲስ የተመደበው ርዕሰ መምህር፣ ወይም አዲስ የተመደበችው ርዕሰ መምህርት፣ ከወላጆች ጋር የሚያደርጉት ትውውቅ ነው። ይህ ትውውቅ በተለምዶ ስም፣ የትምህርት ደረጃና የአገልግሎት ዘመን ተነግሮ ወደ ቀጣዩ አጀንዳ የሚታለፍበት አጭር ሥነ ሥርዓት ሆኖ ቢቆይም፣ ወላጅና ትምህርት ቤት በዓመቱ ውስጥ የሚኖራቸው ግንኙነት መልኩን የሚይዘው በአመዛኙ በዚያ ሰዓት በመሆኑ፣ ከዚህ የላቀ ትኩረት ይገባዋል።

ርዕሰ መምህር የመማር ማስተማሩን ሥራ፣ የሰው ኃይሉን፣ በጀቱንና ንብረቱን በበላይነት የሚመራ ኃላፊ ነው። በሥሩ ምክትል ርዕሳነ መምህራን ሲኖሩት፣ ከበላዩ ደግሞ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አለ፤ ሱፐርቫይዘሩም፣ ማለትም በአንድ የጉድኝት ማዕከል የተሰባሰቡ ጎረቤት ትምህርት ቤቶችን እየዞረ የሚደግፈው ባለሙያ፣ ሥራውን በቅርብ ይከታተላል። ይህ ተዋረድ ርዕሰ መምህሩን ዕቅድና ሪፖርት ወደ ላይ መላክን ሲያስለምደው፣ ልጁን በየማለዳው ለሚልከው ወላጅ መልስ መስጠትን ግን በዚያው ልክ አላስለመደውም።

የዚህ ምክንያቱ ሥር የሰደደ ነው። በቤተ ክህነት ትምህርት ወላጅ ልጁን ለየኔታ ሲሰጥ የመቅጣት ሥልጣኑንም አብሮ ይሰጥ ስለነበር፣ ስለ አስተማሪው ስልት ጥያቄ ማንሣት የተለመደ አልነበረም። በ1900 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ርዕሰ መምህርም ግብጻዊው ሐና ሳሊብ ሲሆኑ፣ ትምህርት ቤቱ በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ የተቋቋመና በአብዛኛው የመኳንንት ልጆች የሚማሩበት በመሆኑ፣ የርዕሰ መምህሩ ተጠሪነት ለቤተ መንግሥቱ እንጂ ለወላጅ አልነበረም። ዘመናዊው ትምህርት ቤት በዚህ መንገድ ከላይ ወደ ታች ስለተተከለ፣ ወላጅ ትምህርት ቤትን የራሱ አድርጎ ሳይሆን የመንግሥት ቤት አድርጎ መመልከቱ አያስደንቅም።

ይህን ለመለወጥ የተወሰዱ እርምጃዎች አሉ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የትምህርት አስተዳደሩ ያልተማከለና ኅብረተሰቡን ያሳተፈ እንዲሆን ያለመ ነበር። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና ፋይናንስ መመሪያ ደግሞ የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድንና የወላጅና መምህራን ኅብረትን ተግባር ዘረዘረ፤ ኅብረቱ ተማሪዎች ሲካተቱበት በአሕጽሮት ወተመህ እየተባለ ይጠራል። በ1999 ዓ.ም. የተጀመረው የትምህርት ቤት መሻሻል ፕሮግራምም ከአራቱ ዐበይት መስኮቹ፣ ማለትም ከመማር ማስተማር፣ ከምቹ የትምህርት ሁኔታ፣ ከትምህርት ቤት አመራርና ከኅብረተሰብ ተሳትፎ፣ አንዱን ሙሉ በሙሉ ለወላጅና ለአካባቢው ሕዝብ ሰጠ።

በተግባር ግን ወላጅ ወደ ትምህርት ቤት የሚጠራው በአብዛኛው በሁለት ምክንያት ብቻ ነው፤ አንዱ ልጁ አጥፍቶ «ወላጅ አምጣ» ሲባል፣ ሌላው መዋጮ ሲያስፈልግ። በእነዚህ ሁለት ጥሪዎች ብቻ ትምህርት ቤቱን የሚያውቅ ወላጅ፣ ሦስተኛውን ጥሪ በጥርጣሬ ቢቀበለው ወይም ከነጭራሹ ቢቀር ሊፈረድበት አይገባም። ስለዚህ የአዲሱ ርዕሰ መምህር የመጀመሪያ ሥራ ጥፋትና ገንዘብ የማይነሡበት አንድ ስብሰባ መጥራት፣ በዚያም ስለራሱ ከመናገር ይልቅ ወላጅ ከእሱ ምን መጠየቅ እንደሚችል ማስታወቅ ነው።

ወላጅ ሊያውቃቸው ከሚገቡ ነገሮች የመጀመሪያው ርዕሰ መምህሩን መቼና እንዴት ማግኘት እንደሚቻል ነው። በሳምንት ውስጥ ወላጅ ያለቀጠሮ የሚስተናገድበት የታወቀ ሰዓት መኖሩ፣ አቤቱታ በመጀመሪያ ለክፍል ኃላፊው መምህር፣ ቀጥሎ ለምክትሉ፣ ከዚያ ለርዕሰ መምህሩ እንደሚቀርብ አስቀድሞ መነገሩ፣ ወላጅን ከበር ጥበቃ ጋር ከመጨቃጨቅና ከቢሮ ቢሮ ከመንከራተት ያድነዋል።

ሁለተኛው የገንዘብ ጉዳይ ነው። በ2001 ዓ.ም. ከተጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ወዲህ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ስኩል ግራንት የሚባል፣ በተማሪ ቁጥር ልክ የሚሰላ የድጎማ ገንዘብ ሲያገኙ ቆይተዋል፤ ከዚህም ሌላ ከክበብ ኪራይ፣ ከግቢ ሣር ሽያጭና ከመሳሰሉት የውስጥ ገቢ ይሰበስባሉ። ርዕሰ መምህሩ ምን ያህል ገንዘብ እንደተረከበና ለምን ሊያውለው እንዳሰበ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጥፍ፣ ወደፊት የወላጅ እገዛ ሲያስፈልገው ለሚያቀርበው ጥያቄ መተማመኛ ይሆነዋል፤ ሒሳቡን ያልተነገረው ወላጅ ግን ቢያዋጣም እያጉረመረመ ነው።

ሦስተኛውና ዋነኛው የልጆቹ ትምህርት ራሱ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲገለጽ ብዙ ወላጅ ደንግጧል፤ ይሁን እንጂ ችግሩ በ12ኛ ክፍል የተፈጠረ አልነበረም። በ2002 ዓ.ም. በተካሄደው የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች የንባብ ክሂል ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንድም ቃል በትክክል ማንበብ እንዳልቻሉ ታይቶ ነበር። በሪፖርት ካርድ ላይ የሰፈረው ውጤትና የክፍል ደረጃ ይህን ድክመት ሊሸፍነው ስለሚችል፣ ወላጅ ልጁ በእርግጥ ማንበቡን ቤቱ ሆኖ የሚያረጋግጥበትን መንገድ ርዕሰ መምህሩ በስብሰባው ላይ ሊያሳየው ይችላል። ልጁ ከአማርኛ መጽሐፉ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ እንዲያነብ ካደረጉ በኋላ፣ ከገጹ መካከል አንድ ቃል በጣት ጠቁሞ «ይህ ምን ይላል?» ብሎ መጠየቅ በቂ ነው፤ ምንባቡን በቃሉ የያዘ ልጅ ያን ጊዜ ቃሉን ለማግኘት ከመጀመሪያው መስመር ተነሥቶ መውረድ ይጀምራል። ይህን ለማስተዋል ወላጁ ራሱ ፊደል የቆጠረ መሆን አያስፈልገውም፤ ያልተማረ ወላጅ በልጁ ትምህርት ውስጥ ድርሻ እንደሌለው የሚያስብበትን ልማድ ለመስበርም ከዚህ የሚሻል ማስረጃ አይገኝም።

አራተኛው የሥነ ሥርዓት ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ይሁንና አንዳንድ ወላጆች ራሳቸው «ገርፋችሁ አስተምሩልን» ስለሚሉ፣ ርዕሰ መምህሩ ዱላ በግቢው ውስጥ ቦታ እንደሌለው፣ በምትኩም ምክርና ክትትል እንደሚኖር በወላጆችና በመምህራን ፊት በግልጽ ሊናገር ይገባዋል።

የሚነገረው ነገር ብቻ ሳይሆን ለማን እንደሚነገርም ሊታሰብበት ይገባል። ወላጅ ሲባል ሁልጊዜ አባትና እናት ማለት አይደለም፤ እናቱ ለሥራ ወደ አረብ አገር ሄዳ በአያቱ ወይም በአክስቱ እጅ የሚያድግ ልጅ በከተማም በገጠርም አለና፣ የስብሰባው ጥሪ አሳዳጊዎችን በግልጽ መጥቀስ አለበት። በቴሌግራም የሚላክ መልእክት ስልኩ ላላቸው፣ ባሕር ማዶ ላለችው እናት ጭምር፣ ጥሩ መንገድ ቢሆንም፣ ስማርት ስልክ የሌላቸው አያት የሚሰሙት በልጁ በኩል በሚላክ ወረቀት ወይም በአፍ በሚደርስ ቃል ነው። ቀኑም ከገበያና ከቀብር፣ ከዕለት ሥራና ከበዓል ጋር እንዳይጋጭ ከወተመህ አባላት ጋር ተመክሮ ቢቆረጥ፣ የሚመጣው ሰው ይበዛል።

እንግዲህ የርዕሰ መምህሩ ንግግር አጭር ሆኖ የቀረው ጊዜ ለወላጆች ጥያቄ ሊተው፣ የተነሣውም ሐሳብ ሁሉ በቃለ ጉባኤ ሊያዝ ይገባል፤ መጸዳጃ ቤቱ ውኃ የለውም፣ የሒሳብ መምህር አልተመደበም፣ የማታው ፈረቃ ሲለቀቅ መንገዱ ይጨልማል የሚሉት አቤቱታዎች ለዓመታዊው ዕቅድ ከየትኛውም ቅጽ የተሻሉ ግብዓቶች ናቸውና። የትውውቁ እውነተኛ መለኪያም ያ ቀን አይደለም። ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት በሚጀመርበት በየካቲት ያው ወላጅ እንደገና ተጠርቶ፣ በመስከረም ከተያዘው ቃለ ጉባኤ የተፈጸመው፣ ያልተፈጸመውና ያልተፈጸመበት ምክንያት ነጥብ በነጥብ ሲነበብለት፣ ርዕሰ መምህሩን ማወቅ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው፤ ርዕሰ መምህሩም ወላጁን የትምህርት ቤቱ ባለቤት አድርጎ መቁጠሩን የሚያስመሰክረው በዚሁ ነው።