ሕንፃ እስከ ምን ድረስ ሊረዝም ይችላል?

«ሰማይ ጠቀስ» የሚለው ቅጽል ከሁለት ቃላት የተጣመረ መሆኑን በሰዋስው ትምህርታችሁ ተመልክታችኋል። ቃሉ የተመሠረተው በግነት ላይ ነው፤ ሰማይን የነካ ሕንፃ የለምና። ሆኖም በ1885 በአሜሪካ፣ በቺካጎ ከተማ የተሠራውና የሰማይ ጠቀሶች ሁሉ መጀመሪያ እየተባለ የሚጠቀሰው ሕንፃ ሲሠራ 10 ፎቅ ብቻ ነበረው። በጥር 2010 በዱባይ የተመረቀው ቡርጅ ኸሊፋ ግን 163 ፎቆች ሲኖሩት ቁመቱ 828 ሜትር ነው። (በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እንግዲህ ግነቱ ከዘመን ወደ ዘመን እየቀነሰ መሄዱን ካስተዋልን፣ ይህ ዕድገት የሚቆምበት ወሰን አለው ወይ ብለን መጠየቃችን ተገቢ ነው። 1000 ሜትር ይቻላልን? 2000 ሜትርስ?

ብዙ ሰዎች ለዚህ ጥያቄ በቅድሚያ የሚሰጡት መልስ «ሕንፃው ከክብደቱ የተነሣ ራሱን በራሱ ይደፈጥጣል» የሚል ነው። ይህ መልስ በድንጋይና በጡብ ዘመን ትክክል ነበር። በ1891 በቺካጎ የተሠራው የሞናድኖክ ሕንፃ ሰሜናዊ ክፍል 16 ፎቅ ነበረው፤ ክብደቱን የሚሸከሙት የጡብ ግድግዳዎች ግን ከታች በኩል 1.8 ሜትር ያህል ውፍረት ነበራቸው። ፎቁ በበዛ ቁጥር የግድግዳው ውፍረት ስለሚጨምር፣ ከጥቂት ፎቆች በኋላ ምድር ቤቱ በሙሉ ግድግዳ ሊሆን ምንም አይቀረውም። ከዚህ ችግር ያወጣው የብረት አጽም ነው። ክብደቱን የሚሸከሙት ምሰሶዎችና አግዳሚዎች ሲሆኑ ግድግዳ ከነፋስና ከዝናብ የሚከላከል ሽፋን ብቻ ሆነ።

የዛሬውን አርማታ ጥንካሬ ግን እናንተው ራሳችሁ አስሉት። ለቡርጅ ኸሊፋ የታችኛው ክፍል የዋለው ጠንካራ አርማታ በ1 ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ 800 ኪሎ ግራም ያህል ቢጫንበት ነው የሚደቅቀው። ስፋቱ 1 ካሬ ሳንቲ ሜትር የሆነ የአርማታ ዘንግ በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመቱ 0.24 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። 800ን ለ0.24 ብናካፍል ከ3300 በላይ ይደርሰናል። ይህም ማለት ራሱን ብቻ የሚሸከም ቀጥ ያለ የአርማታ ዐምድ ከመድቀቁ በፊት ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ሊቆም ይችላል ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ እውነተኛ ሕንፃ ወለል፣ ሰው፣ ዕቃና ውሃ ይሸከማል፤ መሐንዲስም የመጨረሻውን ጥግ አይነካም፤ ስለዚህ ቁጥሩ በእጅጉ ይቀንሳል። ቢሆንም 1000 ሜትር እንዳይደረስ የሚከለክለው ክብደት አለመሆኑን ስሌቱ በግልጽ ያሳያል።

ክብደቱ የሚያርፍበት መሬት ሌላ ጉዳይ ነው። በአክሱም ተጋድሞ የሚታየው ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር ያህል ርዝመትና ከ500 ቶን በላይ ክብደት ያለው ሲሆን፣ በሚተከልበት ጊዜ ወይም ከተተከለ በኋላ ብዙ ሳይቆይ እንደ ወደቀ ይታመናል። ድንጋዩ ክብደቱን ለመሸከም አላነሰም፤ መሠረቱ ግን ለቁመቱ የሚበቃ አልነበረም። የዱባይ ምድርም ጽኑ ዐለት አይደለም። ስለዚህ መሐንዲሶቹ እያንዳንዳቸው 1.5 ሜትር ወርድ ያላቸውን ከ190 በላይ የአርማታ ምሰሶዎች ከ40 ሜትር በላይ ወደ ታች ሰድደው፣ በላያቸው 3.7 ሜትር ውፍረት ያለው የአርማታ ምንጣፍ ዘረጉ።

አሁን ወደ ዋናው ባላጋራ እንመለስ፤ እርሱም ነፋስ ነው። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ከዚህም በላይ፣ የአንድ ሕንፃ ወርድና ጥንካሬ ሳይለወጥ ቁመቱ ብቻ በእጥፍ ቢጨምር፣ በተመሳሳይ ነፋስ ጫፉ የሚጎብጠው ሁለት እጥፍ ሳይሆን 16 እጥፍ ነው። አንድ አጭር አርጩሜና አንድ ረጅም ሸምበቆ ይዛችሁ ጫፋቸውን ብትነኩ ነገሩ ይገባችኋል። «እንግዲያው ታችኛውን ክፍል እንደ ተራራ ማስፋት ነው» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። የግብፅ ታላቅ ፒራሚድ ሲሠራ 146 ሜትር ያህል የረዘመው በዚህ ዘዴ ነበር። ነገር ግን ፒራሚድ የሚኖርበት ሙት እንጂ ሕያው አይደለም። ሕያው ሰው መስኮት ይፈልጋል፤ ወርዱ እጅግ የሰፋ ሕንፃ መካከሉ ጨለማ ስለሚሆን የሚከራየው አያገኝም።

ይህን እንቆቅልሽ በመፍታት ረገድ በዳካ የተወለደው መሐንዲስ ፋዝሉር ካን ከፍ ያለ ስፍራ አለው። ካን ጠንካራዎቹን ምሰሶዎች ከሕንፃው መካከል አውጥቶ በዙሪያው አጠጋግቶ በመደርደር፣ ሕንፃው በሙሉ እንደ አንድ ቱቦ እንዲሠራ አደረገ። የቀርከሃ ግንድ ውስጡ ባዶ ሆኖ ሳለ በነፋስ የማይሰበረው በዚሁ ምክንያት ነው። በቺካጎ የሲርስ ግንብ (ከ2009 ወዲህ ስሙ ዊሊስ ግንብ ተብሏል) ዘጠኝ አራት ማዕዘን ቱቦዎችን እንደ ችቦ አንድ ላይ አሰረ፤ በ1974 የተጠናቀቀው ይህ ሕንፃ 442 ሜትር ከፍታ አለው። አንዱ የችቦ እንጨት ብቻውን ይጎብጣል፤ ታስሮ ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ነፋስ መግፋት ብቻ አይደለም ሥራው። ሕንፃውን ሲያልፍ ከበስተ ኋላው አዙሪት ይፈጥራል፤ አዙሪቱም አንድ ጊዜ በቀኝ፣ አንድ ጊዜ በግራ እየተላቀቀ ሕንፃውን ወደ ጎን ይወዘውዘዋል። ዥዋዥዌ የሚጫወትን ሕፃን በልኩ ጊዜ ብትገፉት በትንሽ ጉልበት ከፍ ከፍ እንደሚል ሁሉ፣ የአዙሪቱ ምት ከሕንፃው የራሱ ውዝዋዜ ጋር ከገጠመ እንቅስቃሴው እያደገ ይሄዳል። ሕንፃው ባይወድቅ እንኳ ሰው እንደ መርከብ ላይ ራሱን ያዞረዋል። ለዚህ በታይፔ 101 (508 ሜትር፣ 2004) የተገኘው መፍትሔ በላይኞቹ ፎቆች መካከል 660 ቶን የሚመዝን የብረት ድቡልቡል አንጠልጥሎ ሕንፃው ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል እንዲቃወመው ማድረግ ነበር። የቡርጅ ኸሊፋ ነዳፊ ኤድሪያን ስሚዝና መሐንዲሱ ቢል ቤከር የመረጡት ግን የተለየ ነው። ሕንፃው ከመካከለኛ እምብርት ወደ ሦስት አቅጣጫ የሚወጡ ክንፎች አሉት፤ አንዱ ክንፍ ሁለቱን ይደግፋል፤ መስኮት የሌለው ቤትም አይኖርም። ክንፎቹ ወደ ላይ በሄዱ ቁጥር በተለያየ ከፍታ እየተቈረጡ ስለሚያጥሩ፣ የሕንፃው ቅርጽ በየደረጃው ይለወጣል። ስለዚህ አዙሪቶቹ በአንድነት ተቀናጅተው ሊመቱት አይችሉም። በእኔ አስተያየት በዚህ ሕንፃ ከቁመቱ ይልቅ ሊደነቅ የሚገባው ይኸው ነፋስን የማደናገር ብልሃት ነው።

ወጥቶ መውረድም አለ። ኢላይሻ ኦቲስ በ1854 በኒውዮርክ ገመዱ ቢበጠስ የማይወድቅ አሳንሰር በሕዝብ ፊት ባያሳይ ኖሮ ከስድስተኛ ፎቅ በላይ ለመኖር ፈቃደኛ የሚሆን ሰው ጥቂት በሆነ ነበር። ዛሬም የቁመት ወሰን የሚወስነው በከፊል የአሳንሰር ገመድ ነው። የብረት ገመድ እየረዘመ ሲሄድ ሰውን መሸከሙ ቀርቶ ራሱን ለመሸከም ይደክማል፤ በአንድ ጉዞ ከ500 ሜትር እምብዛም አያልፍም። በ2013 የፊንላንዱ ኮኔ ኩባንያ ከካርቦን ጭረት የተሠራ ቀላል ገመድ ይፋ አድርጎ እስከ 1000 ሜትር እንደሚያገለግል አስታወቀ። ሌላው ችግር ቦታ ነው። ፎቅ ሲበዛ ሰው ይበዛል፤ ሰው ሲበዛ አሳንሰር ይበዛል፤ የአሳንሰሮቹ ጉድጓድ ደግሞ የታችኞቹን ፎቆች ይበላል። ስለዚህ በረጅም ሕንፃዎች ሰው እንደ አውቶቡስ መንገደኛ በመሸጋገሪያ ፎቅ ወርዶ ሌላ አሳንሰር ይይዛል። አሜሪካዊው የሕንፃ ነዳፊ ፍራንክ ሎይድ ራይት በ1956 ባለ 528 ፎቅና 1 ማይል፣ ማለትም 1609 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ሕንፃ ንድፍ ባቀረበ ጊዜ አሳንሰሮቹ በአቶሚክ ኃይል እንዲሠሩ አስቦ ነበር። ንድፉ በወረቀት ላይ ቀርቷል።

የቁመቱን ነገር ካነሣን አንድ ያልተለመደ ውጤት ልጥቀስላችሁ። በ2011 የዱባይ የሃይማኖት መሪዎች በቡርጅ ኸሊፋ ከ80ኛ ፎቅ በላይ የሚኖሩ ሙስሊሞች በረመዳን ጾማቸውን ከሌላው ሰው 2 ደቂቃ፣ ከ150ኛ ፎቅ በላይ ያሉት ደግሞ 3 ደቂቃ ዘግይተው እንዲፈቱ አስታወቁ፤ ከላይ ሆኖ ለሚያይ ፀሐይ ዘግይታ ትጠልቃለችና።

ሆኖም «ረጅም» የሚለውን ቃል በድርሰታችሁ ስትጠቀሙበት ከየት እስከ የት እንደ ለካችሁ መግለጽ አትርሱ። በቡርጅ ኸሊፋ ሰው የሚገለገልበት የመጨረሻው ወለል የሚገኘው 585 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከዚያ በላይ ያለው 240 ሜትር ያህል ክፍል በአመዛኙ ለቁመት ሲባል የቆመ ሹል ነው። ይህ ሰው የማይኖርበት ክፍል ብቻውን በ2022 በአዲስ አበባ ከተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት (209 ሜትር) ይበልጣል። ክብረ ወሰን የሚሰበረው ብዙ ጊዜ በዚህ ዓይነት ሹል መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል።

ለሹሉም ለወለሉም የሚከፍለው ግን ያው ገንዘብ ነው፤ ታሪኩ እንደሚያስረዳውም ትልልቆቹን ዕቅዶች የሚያስቆማቸው ብዙውን ጊዜ ነፋስም ክብደትም አይደለም። በቺካጎ 610 ሜትር እንዲደርስ የታሰበ ሕንፃ በ2007 መሠረቱ ተጀምሮ፣ በ2008 የገንዘብ ቀውስ ሲመጣ ጉድጓድ ሆኖ ቀረ። በቻይና፣ በቻንግሻ ከተማ 838 ሜትር የሚረዝም ሕንፃ በ90 ቀን እንሠራለን ያሉ ሰዎች በ2013 ቁፋሮ ቢጀምሩም ፈቃድ ስላልተሟላላቸው ሥራው ወዲያው ተቋረጠ፤ የመሠረቱ ጉድጓድ በኋላ ውሃ ሞልቶት ዓሣ ይረባበት ጀመር። በ2021 የቻይና መንግሥት ከ500 ሜትር በላይ የሚረዝሙ አዳዲስ ሕንፃዎች እንዳይሠሩ ከለከለ። ቡርጅ ኸሊፋም ቢሆን ግንባታው ሲካሄድ ቡርጅ ዱባይ ይባል ነበር። ዱባይ በ2009 ዕዳ ሲጫናት አቡ ዳቢ 10 ቢሊዮን ዶላር ደረሰችላት፤ በምረቃውም ቀን ሕንፃው በአቡ ዳቢው ገዥ ስም ተሰየመ።

1000 ሜትርን ለማለፍ በእውነት የተጀመረው ሕንፃ በሳዑዲ ዐረቢያ የሚገኘው የጅዳ ግንብ ነው። ንድፉ የኤድሪያን ስሚዝ ሲሆን፣ እርሱም ሦስት ክንፍ አለው፤ ክንፎቹ ግን እንደ ቡርጅ ኸሊፋ በደረጃ ሳይሆን በቀጥታ እየሾሉ ይወጣሉ። መሠረቱ በ270 ምሰሶዎች ላይ ያረፈ ሲሆን ጥልቆቹ ከ100 ሜትር በላይ ወደ መሬት ይዘልቃሉ። ሥራው በ2013 ተጀምሮ 60 ያህል ፎቅ ከደረሰ በኋላ በ2018 ቆመ። የቆመውም መሐንዲሶቹ ሊፈቱት ያልቻሉት ጥያቄ ስለ ገጠማቸው አልነበረም፤ ስሌቱ አልተለወጠም፣ አርማታውም አልተሰነጠቀም። ግማሽ ሆኖ ሰባት ዓመት ያህል በቀይ ባሕር ነፋስ ውስጥ ከቆየ በኋላ በጥር 2025 ሠራተኞች ተመልሰው ከቆመበት ቀጠሉት።