«የውሃ ለውጥ ነው» እያላችሁ ሦስት ቀን አትተኙ፦ ከቤት ርቃችሁ ለተመደባችሁ ተማሪዎች

የዩኒቨርሲቲ ምደባ በወጣ ቁጥር ኢንቦክሴ በተመሳሳይ ጥያቄ ይሞላል። «ዶክተር፣ ከአዲስ አበባ ጭሮ ደርሶኛል፣ አየሩ እንዴት ነው?» «ልጄ ከሂርና ጋምቤላ ተመድባለች፣ ምን መድኃኒት ልያዝላት?» ለእያንዳንዱ መመለስ ስላልቻልኩ ዛሬ አንድ ላይ ልጻፈው።

በአንድ ታካሚ ልጀምር። ማንነቱ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ትንሽ ቀይሬዋለሁ። ከደጋ አገር የመጣ የፍሬሽማን ተማሪ ነው። የዶርም ጓደኞቹ ማታ በባጃጅ ይዘውት መጡ፤ በሁለት ሰው ተደግፎ ነው የገባው። ትኩሳት ከጀመረው ሦስት ቀን አልፎታል። ለምን ቀድሞ እንዳልመጣ ስጠይቅ አንደኛው ልጅ «የውሃ ለውጥ መስሎን ነው፤ ሁላችንንም አሞን ነበር እኮ» አለኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት ወዴት ሄደህ ነበር ብዬ ስጠይቀው፣ ለበዓል ከጓደኛው ጋር ሚኤሶ አድሮ መጥቷል። የደም ምርመራው ፋልሲፓረም ወባ ሆኖ ተገኘ። ልጁ ድኗል። ግን አንድ ሌሊት ቢጨምር ኖሮ ምን ሊሆን እንደሚችል እኔ አውቃለሁ፤ እሱ አላወቀም።

የውሃ ለውጥ የሚባለው ነገር ውሸት አይደለም። አዲስ ቦታ፣ አዲስ ውሃ፣ የካፌ ምግብ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሆድ ቢረበሽ የሚጠበቅ ነው። ተቅማጥ ብቻ ከሆነ አንድ ፓኬት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ በጥብጣችሁ ቀስ እያላችሁ ጠጡ፤ አብዛኛው በጥቂት ቀን ይሻላል። ደም ከተቀላቀለበት ወይም ትኩሳት ካለው ግን ክሊኒክ ነው። የአየርም ሆነ የውሃ ለውጥ ብቻውን ብርድ ብርድ የሚያሰኝና የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት አያመጣም። ትኩሳት ከመጣ ምክንያት አለው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ተመርመሩ።

አሁን ወደ ጭሮ። አውቶቡስ ተራ ላይ አሁንም «አሰበ ተፈሪ! አሰበ ተፈሪ!» ሲሉ ብትሰሙ ግራ አይግባችሁ፣ ያው ነው። ሐረርጌ ሲባል ሙቀት ብቻ የሚመስላቸው ልጆች ብርድ ልብስ ሳይዙ ይመጣሉ። ከተማዋ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ማታ ማታ ደህና አድርጎ ይበርዳል። ነገር ግን ከአዋሽ ተነስታችሁ በአሰቦትና በሚኤሶ የምታቋርጡት ሜዳ ቆላ ነው። በኢትዮጵያ በተለምዶ ከ2,000 ሜትር በታች ያለው አካባቢ ወባማ ተብሎ ይወሰዳል። ከደብረ ብርሃን ወይም ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ ሰውነት ደግሞ ወባን ስለማያውቀው ሲይዘው ይጠናበታል። ከጭሮ አካባቢ ደጋ ቀበሌዎች ወደ ጋምቤላ፣ አሶሳ ወይም አርባ ምንጭ የሚሄዱ የእኛ ልጆችም ያው ናቸው።

«ወባ የገጠር በሽታ ነው፣ ካምፓስ ምን አገባው?» የሚሉኝ አሉ። ጎረቤታችን ድሬዳዋ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። በ2014 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆቹ በ2022) ከተማዋ ውስጥ ወባ ከቀደሙት ዓመታት ከአሥር እጥፍ በላይ ጨመረ፤ ያውም በደረቁ ወቅት። በ2023 ኔቸር ሜዲስን ላይ የወጣው ጥናት የዩኒቨርሲቲውን የተማሪዎች ማደሪያ ጭምር ያየ ነበር። ተጠያቂዋ አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል ከእስያ የመጣች ትንኝ ናት፤ በአገራችን መጀመሪያ የተገኘችው በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ነው። ይቺ ትንኝ ረግረግ አትፈልግም። ሮቶ፣ በርሜል፣ ክዳን የሌለው የውሃ ማጠራቀሚያ ይበቃታል። ስለዚህ ዶርማችሁ አጠገብ ያለው ሮቶ ክዳን ከሌለው ለፕሮክተር ንገሩ፤ አጎበርም ይዛችሁ ኑ። ዶርም ውስጥ አጎበር መስቀል ያሳፍራል የሚል ልጅ ገጥሞኛል። እኔን የሚያሳፍረኝ ክላስ መቅረቱ ነው።

ምርመራ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በጣት ደም የሚሠራው ፈጣን መመርመሪያ አንዳንድ ጊዜ ወባውን ሊስተው ይችላል፤ በድሬዳዋው ወረርሽኝም ከመመርመሪያው የሚያመልጡ የወባ ዓይነቶች ተገኝተዋል። «ኔጌቲቭ ነህ» ተብላችሁ ትኩሳቱ ከቀጠለ ተመልሳችሁ ሂዱና በማይክሮስኮፕ ይታይልኝ በሉ። በአንድ የዊዳል ምርመራ ብቻ «ታይፎይድ ነው» ተብሎ መርፌ መጀመርም በጣም የተለመደ ነው፤ ምርመራው ብዙ ስለሚሳሳት ወባ መታየቱን አረጋግጡ። ደግሞ ከድሬዳዋ መልስ ትኩሳት ከጀመራችሁ ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ገዝታችሁ አትውሰዱ። ከተማዋ ከ2013 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ የደንጊ ወረርሽኝ አይታለች፤ ደንጊ ከሆነ እነዚህ መድኃኒቶች የመድማትን አደጋ ይጨምራሉ። እስክትመረመሩ ፓራሲታሞል ይበቃል።

ኮአርተም ከታዘዘላችሁ ስድስቱንም ዙር ጨርሱ። ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ ነው፤ ከዚያ ለሁለት ቀን ጠዋትና ማታ። ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ነው ሰውነት በደንብ የሚቀበለው። በጾም ወቅት ወተት አልጠጣም ለምትሉ ዘይት ያለው ሽሮ ወይም አንድ እፍኝ የሐረርጌ ለውዝ ይሠራል። ቫይቫክስ ከሆነ ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል ፕሪማኩዊን ይጨመራል፤ እሱን «ተሻለኝ እኮ» ብሎ በአራተኛው ቀን የማያቆም ተማሪ ብርቅ ነው። ታካሚው ግራ ከተጋባ፣ ካንቀጠቀጠው፣ የዋጠውን ሁሉ ካስመለሰው፣ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ሌሊትም ቢሆን አትጠብቁ።

ለወላጆችም አንድ ነገር ልበል። ልጃችሁ ለእረፍት ቤት መጥቶ በሁለት ሦስት ሳምንት ትኩሳት ቢጀምረው፣ እዚያ ደጋ ላይ ያለው ሐኪም ወባን ላያስብ ይችላል። «ልጄ ከጋምቤላ ነው የመጣው» የምትለው አንዲት ዓረፍተ ነገር ብዙ ነገር ትለውጣለች።

ቋሚ መድኃኒት ለምትወስዱ፦ ለጉዞው ብቻ ሳይሆን ቢያንስ ለአንድ ወር የሚበቃ ያዙ፤ ከሐኪማችሁም የመድኃኒቱ ስምና መጠን ያለበት ማዛወሪያ ወረቀት አጽፉ። ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት፤ ሻንጣ ይጠፋል። ኢንሱሊን በፍጹም አውቶቡሱ ዕቃ መጫኛ ውስጥ እንዳይገባ፤ የአዋሽና የመተሐራ ሙቀት ያበላሸዋል። በእጅ ቦርሳ ያዙት፣ በረዶም አይንካው። ዶርም ውስጥ ፍሪጅ ከሌለ እርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለበት የሸክላ ገንቦ ያቀዘቅዘዋል፤ የተከፈተ ብልቃጥ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ አራት ሳምንት ገደማ ይቆያል። የኤችአይቪ መድኃኒት የምትወስዱ ወደ አዲሱ ቦታ መዛወር ትችላላችሁ፤ የዶርም ልጅ ያየኛል ብላችሁ አንድ ዙር እንኳ አትዝለሉ። ስያሜ የሌለው ጠርሙስ ውስጥ ጨምራችሁ ያዙት፣ ማንም አይጠይቅም።

የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስዱትን ለብቻ ላናግራችሁ። ምዕራብ ሐረርጌ የጫት አገር ነው፤ የፈተና ሰሞን ጫት ይዞ ማደር እዚህ ለመጣ ሁሉ ይቀርብለታል። ሌሎቹ ሲያድሩበት ቢያንስ የምግብ ፍላጎትና እንቅልፍ ያጣሉ፤ ያጠኑትም አእምሮ ውስጥ የሚደላደለው በእንቅልፍ ነው። ለእናንተ ግን አንድ ሌሊት አለመተኛት ብቻውን ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል። ከምርቃናው በኋላ ጨብሲ ከተጨመረበት የባሰ ነው። ላለመቃም ምክንያት ካስፈለጋችሁ «ሐኪም ከልክሎኛል» በሉ፤ ይኸው ከልክያለሁ። ለአንድ የዶርም ጓደኛ ግን ንገሩት፦ ሲጥላችሁ በጎን ያስተኛችሁ፣ አፋችሁ ውስጥ ምንም አይክተት፣ ክብሪትም አያሽትታችሁ፤ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ሐኪም ቤት ያድርሳችሁ።

የቋንቋውን ነገር ብዙዎች ይፈሩታል። ጭሮ ውስጥ አማርኛ የሚችል ጤና ባለሙያ አታጡም፤ ግን ተራ ይዛችሁ ስትጠብቁ «መታን ነ ዱኩበ» (ራሴን ያመኛል) ወይም «ገራን ነ ዱኩበ» (ሆዴን ያመኛል) ብትሉ ፊታቸው ሲፈካ ታያላችሁ። የሚያስተረጉም ጓደኛ ይዛችሁ መሄድም ጥሩ ነው። ጉዳዩ የግል ከሆነ ግን ጓደኛችሁ ውጭ እንዲጠብቅና አማርኛ የሚችል ባለሙያ እንዲያያችሁ የመጠየቅ መብት አላችሁ፤ ክፍሉ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ጠይቁ።