የገጠር ወሬና የገበያ ማስታወቂያ ለእርሻ ሥራ ስለሚሰጠው ጥቅም

ገበሬ የሥራውን መሣሪያ ቍጠር ቢባል ሞፈርና ቀንበር፥ ማረሻና ጅራፍ፥ በሬና ዘር ብሎ ይቈጥራል እንጂ ወሬን ከእነዚህ ጋራ አይቈጥረውም። ነገር ግን ነገሩን በሚገባ ለመረመረው ሰው በጊዜው የደረሰ ወሬ ከማረሻ የማያንስ መሣሪያ ነው። በሬ የጠፋበት ገበሬ በሬው በየትኛው መንደር እንደ ታየ በሦስት ቀን ውስጥ ቢሰማ የሰኔ እርሻው አይታጐልም፤ በሦስት ሳምንት ቢሰማ ግን በሬው ቢገኝም እንኳ የዘር ጊዜው አልፎበታል። የእህል ዋጋ፥ የከብት በሽታ፥ የአንበጣ መምጣት፥ የመሬት ምዝገባ ቀን፥ እነዚህ ሁሉ ቀድሞ ለሰማ ጥቅም፥ ዘግይቶ ለሰማ ጕዳት ናቸው። ስለዚህ ሀገር የሚያስተዳድር ሹምም ሆነ ሰፊ መሬት የያዘ ሰው፥ ወሬ በወረዳው ውስጥ በምን መንገድ እንደሚሄድና በየትኛው ስፍራ እንደሚቆም አጥብቆ ሊያውቅ ይገባዋል።

ወሬ በገጠር የሚሄድባቸው መንገዶች

የገጠር ወሬ ዋና ቤቱ ገበያ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን ገበያ በቆመ ጊዜ ከየአቅጣጫው የተሰበሰበው ሰው ጨውና በርበሬ ብቻ ይዞ አይመለስም። በየትኛው ቆላ ዝናም እንደ ጣለ፥ በየትኛው ደጋ ባቄላውን ውርጭ እንደ መታው፥ ማን እንደ ሞተ፥ ማን በሬውን ሊሸጥ እንዳሰበ ሰምቶ ይመለሳል።

ሁለተኛው የጸሎት ቤት ነው። በሰንበት ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ሕዝቡ ከዛፍ ጥላ ሥር ሲቀመጥ የጠፋ ከብት ይነገራል፥ የደቦ ቀን ይቈረጣል፥ የማኅበርና የእድር ነገር ይወሰናል። ሙስሊሞች ባሉበት አገርም ከዓርብ ስግደት በኋላ እንዲሁ ይደረጋል።

ሦስተኛው የውሃ መቅጃውና ወፍጮ ቤቱ ነው። ይህ የሴቶች የወሬ አደባባይ ስለ ሆነ ሹማምንት ብዙ ጊዜ ይዘነጉታል። ነገር ግን ዶሮን የሚፈጀው ፈንግል በአንድ መንደር እንደ ገባ፥ ወይም በጐተራ ያለውን እህል ነቀዝ እንደ ጀመረው አስቀድሞ የሚሰማው በዚያ ነው፤ ዶሮውንና ጐተራውን የሚጠብቁት ሴቶች ናቸውና።

አራተኛው መንገደኛ ነው። በአፋር አገር ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቆመው ወይም ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት፥ ዳጉ የሚባል የጸና ልማድ አለ። ዝናም የዘነበበት ስፍራ፥ ሣር ያለበት ሜዳ፥ የታመመ መንጋ፥ ሁሉም በዳጉ ይነገራል። የሰማውን አጣምሞ የሚያወራ ሰው በሕዝቡ ዘንድ ስለሚነቀፍ፥ ተናጋሪው ራሱ ያየውን ከሌላ ከሰማው ለይቶ ይናገራል።

ከእነዚህም ሌላ ያለ ቃልና ያለ ጽሕፈት የሚነገር ማስታወቂያ አለ። ጠላ የምትሸጥ ሴት በደጅዋ በተከለችው እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ትደፋለች፤ መንገደኛውም ሳይጠይቅ ያውቃል። የእድር ጡሩምባ በማለዳ ሲነፋ ሰው መሞቱን ሁሉ ያውቃል፤ ሞፈሩንም ሰቅሎ ወደ ለቅሶ ቤት ይሄዳል። ባላገር ማስታወቂያን ከጋዜጣ እንዳልተማረ ከዚህ ይታያል።

የመንግሥት ቃል እንዴት ይደርስ እንደ ነበረ

በቀድሞ ዘመን የመንግሥት ቃል ነጋሪት ተጐስሞ በገበያ መካከል ይታወጅ ነበር። አዋጅ ነጋሪውም የሰማህ ላልሰማ አሰማ ብሎ ይጨርስ ነበር። ይህች አጭር ቃል ትልቅ ጥበብ አለባት፤ የሰማውን ሰው ሁሉ ላልሰማው መልእክተኛ ታደርገዋለችና። ሰውም ሁሉ የሰማውን ነገር በሹክሹክታ የሚያወራውን ሰው የአዋጁን በጆሮ እያሉ መዝለፍ የተለመደው ከዚሁ የተነሣ ነው።

በዳግማዊ አጤ ምኒልክ ዘመን በ1894 ዓ.ም. ግድም አእምሮ የሚባለው ጋዜጣ ሲጀመር በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ብቻ ይወጣ ነበር። በ1917 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም መታተም ጀመረ። ሕግና አዋጅ የሚወጣበት ጋዜጣ በ1934 ዓ.ም. ሲቋቋም ነጋሪት ጋዜጣ ተባለ፤ ከበሮው ከገበያ ቢነሣም ስሙ በወረቀቱ ላይ ቀረ። ሆኖም ወረቀት እንደ ነጋሪት በራሱ ድምፅ የለውም፤ የሚያነብለት ሰው ያስፈልገዋል። መሠረተ ትምህርት በ1971 ዓ.ም. በሀገሪቱ ሁሉ በዘመቻ ከተጀመረ ወዲህ ፊደል የለየ ገበሬ እጅግ በዝቷል፤ ቢሆንም በቢሮ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት በአምስት ሰዓት መንገድ ርቀት ላለ ገበሬ እንዳልተጻፈ ያህል ነው።

ስለ ጠፋ ከብት

በገጠር ከሚነገሩት ማስታወቂያዎች ሁሉ የሚበዛው የጠፋ ከብት ነው። ለአንድ ጥማድ ሁለት በሬ ያስፈልጋልና፥ አንዱ በሬ በጠፋ ጊዜ ሁለተኛውም ሥራ ይፈታል፤ ባለቤቱም ወይ መሬቱን ለሌላ በእኩል ይሰጣል፥ ወይ በመከናጆ ከሌላ ሰው በሬ ጋራ ያጣምራል።

እንዲህ ያለው ማስታወቂያ አራት ነገር ሊኖረው ይገባል፤ ይኸውም የጠፋው ምን እንደ ሆነ፥ ምልክቱ፥ የጠፋበት ቀንና ስፍራ፥ ያገኘው ሰው የሚናገርበት ቦታ ነው። ለምሳሌ፥ «ዓርብ ማታ ከወንዙ ማዶ ከግጦሽ የጠፋ፥ መልኩ ቀይ፥ ግንባሩ ቦራ፥ የግራ ጆሮው ጫፍ የተሰነጠቀ በሬ ያየ ወይም ያሰረ ሰው በቅዳሜ ገበያ በከብት ተራ ለባለቤቱ ይንገር» ቢባል ሰሚው ሁሉ በሬውን በዓይነ ሕሊናው ያየዋል። «ቀይ በሬ ጠፋ» ብቻ ቢባል ግን በወረዳው ውስጥ ስንት ቀይ በሬ አለ! ብልህ ባለቤት ከምልክቶቹ አንዱን ሳይናገር ያስቀራል። ሐሰተኛ ሰው የእኔ ነው ብሎ ቢመጣ በዚያች ባልተነገረች ምልክት ይፈተናል።

ማስታወቂያው ፍሬ ሳይሰጥ በቀረ ጊዜ ቄስ አይቶ የደበቀውን ይገዝት ነበር። ግዝቱም ካልበቃ በአፈርሳታ፥ በሌላው አጠራር በአውጫጭኝ፥ የአገሩ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ እንዳይበተን ይደረግ ነበር። ይህ ሥርዐት ሌባን ቢያወጣም አንድ አገር ሙሉ በአጨዳ ወራት ሥራ ፈትቶ እንዲውል ያደርግ ስለ ነበር ለእርሻ ከባድ ሸክም ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የጠፋ ነገር ያገኘ ሰው የማስታወቅ ግዴታ እንዳለበት ደንግጓል። ከብት ሲሸጥም ሻጩ የሚታወቅ ዋስ እንዲጠራ ማድረግ የቈየ መልካም ልማድ ነው፤ የተሰረቀ ከብት በሩቅ ገበያ በቀላሉ እንዳይሸጥ ያግዳልና።

ስለ እህል ዋጋ

ገበሬ እህሉን ወቅቶ እንደ ጨረሰ በታኅሣሥና በጥር ለግብር፥ ለዕዳና ለልብስ ሲል ይሸጣል። በዚያን ጊዜ ሻጭ ስለሚበዛ ዋጋው ይወርዳል፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን ይወደዳል። ነጋዴ የሦስት ገበያ ዋጋ ያውቃል፥ ገበሬ ግን ብዙ ጊዜ የአንዱን ብቻ ያውቃል፤ ትርፉም የሚመጣው ከዚህ ልዩነት ነው።

የዋጋ ማስታወቂያ የእህሉን ዓይነት፥ መስፈሪያውን፥ ገበያውንና ቀኑን መናገር አለበት። የአንዱ አገር ቁና ከሌላው አገር ቁና ስለማይተካከል በቁና የተነገረ ዋጋ ሰሚውን ያሳስታል፤ በኪሎ ወይም በኩንታል መናገር ይሻላል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ ወር 2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ዋጋን በየከተማው በሰሌዳ ማሳየት የሥራው አንድ ክፍል ያደረገው ስለዚህ ነው። ቡናና ሰሊጥ የሚያመርት ገበሬ የዋናውን ገበያ ዋጋ አውቆ ከነጋዴ ጋራ ሲነጋገር ንግግሩ ሌላ ይሆናል።

ስለ በሽታና ስለ አንበጣ

የወሬ መዘግየት ከሁሉ የሚከፋው በዚህ ነው። በ1880 ዓ.ም. ግድም በምጽዋ በኩል ከውጭ ከመጡ ከብቶች ጋራ የገባው የከብት ደስታ በጥቂት ጊዜ የሀገሪቱን ከብት ፈጀ፤ ከአሥር ዘጠኙ እንዳለቀ የገመቱ አሉ። በሬ በማለቁ መሬት ጦም አደረ፥ ድርቅና አንበጣም ተጨመረበት፤ እስከ 1884 ዓ.ም. የቈየው ረኃብም ክፉ ቀን ተባለ። በዚያን ጊዜ ክትባት አልነበረም። የታመመውን መንጋ ከጤነኛው መለየት ግን በሰው እጅ ያለ መከላከያ ነው፤ ለመለየት ደግሞ አስቀድሞ መስማት ያስፈልጋል።

ይኸው በሽታ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ ታወጀ። በኢትዮጵያም በ1980ዎቹ ከአፋር አርብቶ አደሮች መካከል የተመረጡ ሰዎች ክትባት መስጠትን ተምረው፥ የመንግሥት ሐኪም በማይደርስበት በረሓ መንጋውን ከተቡ። የታመመው መንጋ በየት እንዳለ ያውቁ የነበሩት እነርሱው ነበሩና በሽታው ተከታትለው ደረሱበት።

አባ ሰንጋም እንዲሁ ፈጥኖ መነገር አለበት። በእርሱ የሞተ ከብት ሥጋው ለሰው መርዝ ነው፤ ሬሳውም ሳይከፈት በጥልቅ ሊቀበር ወይም ሊቃጠል ይገባል። የበሽታው ዘር በአፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ስለሚኖር የሞተበት ስፍራ ለመንደሩ እረኞች ሁሉ ይነገር።

አንበጣ ክንፍ ካወጣ በኋላ ነፋስ ተከትሎ በአንድ ቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ በቀን 35,000 ሰው የሚመገበውን ያህል ይበላል። ክንፍ ሳያወጣ ኩብኩባ ሳለ ግን በምድር ላይ እየዘለለ አንድ ወር ግድም ይቈያል፤ ለመከላከል የሚመቸው ጊዜ ይህ ነው። በ2012 ዓ.ም. አንበጣ በብዙ ወረዳዎች በወረደ ጊዜ እንደ ታየው፥ ኩብኩባውን አስቀድሞ የሚያየው በበረሓ የሚውል እረኛ ነው። የእረኛውን ቃል የልጅ ወሬ ብሎ የናቀ ሹም ያንን አንድ ወር በከንቱ ያሳልፈዋል።

ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ገበሬው በ8028 ደውሎ ስለ ዘር፥ ስለ ማዳበሪያና ስለ ተባይ በቋንቋው የተቀዳ ምክር እንዲሰማ ተደርጓል። ስልክ ወሬን ያፈጥናል። ነገር ግን ስልክ የሌለውን ጎረቤት የሚያስታውስ፥ የሰማህ ላልሰማ አሰማ የተባለው የቀድሞው ሥርዐት ዛሬም ከስልኩ ጋራ ሊሄድ ይገባል።

ስለ መሬት ማስታወቂያ

መሬት ሲለካና ሲመዘገብ የባለይዞታው ስምና ድንበሩ ለሕዝብ እንዲታይ ይደረጋል፤ ተቃውሞ ያለው ሰውም በተወሰነው ቀን እንዲናገር ይጠራል። ይህን ጥሪ ሳትሰማ የቀረች ባል የሞተባት ሴት፥ ወይም በሩቅ አገር ለቀን ሥራ የሄደ ወጣት፥ ድንበሩ በጎረቤት ስም ከተጻፈ በኋላ ክርክሩ ዓመታት ይፈጅበታል። የሚጐዳውም እርሱ ብቻ አይደለም፤ በክርክር ያለ መሬት እርከን አይሠራለትም፥ ዛፍ አይተከልበትም። መሬቱን ለሌላ የሚያከራይ ወይም በእኩል የሚሰጥ ባለይዞታም ስምምነቱን በምስክር ፊት ቢያስታውቅ ለኋላው ጠብ ይቀራል።

ሹማምንት ሊያደርጉት የሚገባ

1ኛ፤ ማስታወቂያ ሁሉ በጽሕፈት ከተለጠፈ በኋላ በገበያ ቀን፥ ሰው በሚበዛበት ሰዓት፥ በአገሩ ቋንቋ ጮክ ተብሎ ይነበብ።

2ኛ፤ ቀነ ቀጠሮ ያለበት ማስታወቂያ ቢያንስ በሁለት ገበያዎች ይነገር፤ በመጀመሪያው ያልመጣ በሁለተኛው ይሰማ ዘንድ።

3ኛ፤ በገበያ የማይገኙ በሽተኞች፥ አራሶችና ሽማግሌዎች በጎረቤታቸው በኩል እንዲሰሙ የሚያደርግ ሰው በየመንደሩ ይመደብ።

4ኛ፤ የጠፋና የተገኘ ከብት መዝገብ በየቀበሌው ይኑር፤ ምልክቱና ቀኑ ይጻፍበት።

5ኛ፤ ሐሰተኛ ወሬ የሚረታው እውነተኛው ቶሎ ሲነገር ስለ ሆነ፥ ሹም የሚያውቀውን ሳያዘገይ፥ የማያውቀውንም አውቃለሁ ሳይል ይናገር።

6ኛ፤ ክፉ ወሬ ያመጣ ሰው አይቀጣ። በመንጋው በሽታ መግባቱን የተናገረ ገበሬ ገበያው በእርሱ ምክንያት ተዘጋ ተብሎ ቢሰደብ ወይም ያለ ምክንያት ከብቱ ቢታገድበት፥ በሚቀጥለው ጊዜ ዝም ይላል፤ ጎረቤቱም ከእርሱ አይቶ ዝም ይላል። ያን ጊዜ የታመመው ከብት በሌሊት ተነድቶ በሩቅ ገበያ ይሸጣል፥ በሽታውም ከወሬው ቀድሞ ይደርሳል።

ማስታወቂያ ተፈጸመ የሚባለው ማኅተም በተመታበት ቀን ሳይሆን የመጨረሻው ገበሬ በሰማበት ቀን ነው። ከወረዳው ጽሕፈት ቤት የሚወጣው ቃል ወደ ገበሬው ቤት፥ ከገበሬውም ቤት የሚወጣው ቃል ወደ ጽሕፈት ቤቱ በፍጥነትና በእውነት የሚመላለስ ከሆነ፥ በሬ ከቀንበር፥ እህል ከጐተራ፥ መሬትም ከባለቤቱ ሳይለይ ይኖራል።