ቢቨር በጨዋታና በወንዝ

ቢቨር በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ በወንዝ ዳር የሚኖር እንስሳ ነው። ከአይጥ ወገን ቢሆንም ክብደቱ 20 ኪሎና ከዚያም በላይ ይሆናል። በጥርሱ ዛፍ ቆርጦ ይጥላል። እንጨት፣ ድንጋይና ጭቃ አከማችቶ ውሃውን ይገድባል።

በአሜሪካ አገር ሰዎች ጠረጴዛ ከበው የሚጫወቱት «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የሚባል ጨዋታ አለ። የወጣው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1974 ነው። አንዱ ተረቱን ይመራል፤ ሌሎቹ ጀግና ሆነው «እኔ እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ። ቁጥር የተጻፈበት ጠጠር ይጣልና ውጤቱ ይለያል። በ1977 በወጣው የጨዋታው የአውሬዎች መጽሐፍ ውስጥ ግዙፍ ቢቨር አለ። ግድብ ይሠራል፤ ቆዳውም ብዙ ወርቅ ያወጣል። እንግዲህ ተጫዋቹ ይገድለው ወይስ ይተወው?

ነገሩ ተረት ብቻ አይደለም። ሰዎች ከጠጉሩ ባርኔጣ ለመሥራት ቢቨርን ለብዙ ዘመን አደኑት። በ1900 ገደማ በአውሮፓና በእስያ የቀረው 1,200 ያህል ብቻ ነበር። ግድቡን የሚጠግን ሲጠፋ ግድቡ ፈረሰ። ጎርፍ ያለ ከልካይ ወረደ፤ አፈሩን ጠረገ፤ ረግረጉም ደረቀ። ክትር የሠራ ገበሬ ይህን ያውቀዋል። ዝግ ብሎ የሚሄድ ውሃ መሬት ውስጥ ይሰርጋል፤ የሚሮጥ ውሃ ግን አፈር ይዞ ይሄዳል።

ኋላ ሰዎች ነቁ። በ1948 በአሜሪካ፣ በአይዳሆ ግዛት፣ 76 ቢቨሮች በሣጥን ሆነው ከአውሮፕላን በጃንጥላ ወረዱ። ከአንዱ በቀር ሁሉም ደህና ደረሱ። እርግጥ ቢቨር አንዳንዴ ማሳ ያጥለቀልቃል። ቢሆንም ቆዳው የሚሸጠው አንድ ጊዜ ነው፤ ግድቡ ግን በየዓመቱ ውሃ ያቆያል።