ልማታዊ ሴፍትኔት፦ ጥሪት ሳይሸጥ መድረስ ያለበት ድጋፍ

ዝናብ በወቅቱ ባልጣለበት ዓመት የዋግ ኽምራ አርሶ አደር አስቀድሞ ፍየሉን፣ ሲብስበት የእርሻ በሬውን ለገበያ ያወጣል። ብዙዎች በአንድ ጊዜ ስለሚሸጡ የከብት ዋጋ ይወድቃል፤ የእህል ዋጋ ደግሞ ይንራል። በሬውን የሸጠ ገበሬ የቀጣዩ ክረምት ቢሰምር እንኳ የሚያርስበት አይኖረውም።

የልማታዊ ሴፍትኔት ፕሮግራም የተቀረጸው ይህን አዙሪት ለመስበር ነው። መንግሥት ከልማት አጋሮች ጋር በመሆን በ1997 ዓ.ም ፕሮግራሙን ከመጀመሩ በፊት፣ በየዓመቱ የእርዳታ ጥሪ እየቀረበ እህል ይከፋፈል ነበር። እርዳታው ሕይወት ቢያተርፍም ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ጥሪት ከተሸጠ በኋላ ነበር። ፕሮግራሙ ግን ዘወትር የምግብ እጥረት የሚገጥማቸውን ቤተሰቦች አስቀድሞ በመለየት፣ እጥረቱ በሚጸናባቸው ወራት ገንዘብ ወይም እህል እንዲያገኙ ያደርጋል።

መሥራት የሚችሉ ተጠቃሚዎች በማኅበረሰብ የልማት ሥራ ይሳተፋሉ። የክፍያው መነሻ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር 5 የሥራ ቀን ነው፤ 4 አባላት ያሉት ቤተሰብ የ20 ቀን ክፍያ ይታሰብለታል። እርከንና ክትር መሥራት፣ የተራቆተ ተራራ መከለል እንዲሁም የገጠር መንገድ መጥረግ ከሥራዎቹ መካከል ናቸው። ሥራው የእርሻ ወቅትን እንዳይሻማ በአብዛኛው በበጋ ይከናወናል። ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን፣ መሥራት የማይችሉ አካል ጉዳተኞችና ነፍሰ ጡሮች ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ።

የፕሮግራሙ መዳረሻ ግን «ምረቃ» ነው፤ ይኸውም ቤተሰቡ ጥሪት አፍርቶ ያለ ድጋፍ ራሱን መቻሉ ነው። ለዚህም ቁጠባ፣ ብድር፣ ሥልጠና፣ ፍየል ማሞከትና ንብ ማነብን የመሳሰሉ የገቢ ምንጮች ይታከሉበታል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ክፍያው በጊዜው ሲደርስ ነው። ክፍያ በዘገየ ቁጥር ቤተሰቡ ይበደራል፤ አለዚያም ያፈራትን ፍየል መልሶ ይሸጣል። የእህል ዋጋ ሲንርም ያው ገንዘብ የሚገዛው እህል ያንሳል። ስለዚህ የድጋፉ ውጤት የሚለካው በተጠቃሚው ብዛት ብቻ አይደለም፤ ክረምት ሲገባ በሬው በገበሬው ደጅ፣ ዘሩም በጎተራው በመገኘቱ ጭምር ነው።