ፍራንሲስኮ ጎያ፦ የንጉሡ ሸራና የራሱ መዳብ

ስፔናዊው ሠዓሊና የኅትመት ሥዕል ባለሙያ ፍራንሲስኮ ጎያ እ.ኤ.አ. በ1746 በአራጎን ግዛት፣ ፉዌንዴቶዶስ በተባለች ትንሽ መንደር ተወለደ። አባቱ የቤተ ክርስቲያን ጌጣጌጥ በወርቅ የሚለብጥ ባለ እጅ ነበር። ልጁ በ14 ዓመቱ ሳራጎሳ ከተማ ሥዕል መማር ጀመረ፤ በ1763 እና በ1766 ማድሪድ በሚገኘው የሥነ ጥበብ አካዳሚ ውድድር ቀርቦ ሁለቴም አልቀናውም። የእንጀራ በር የተከፈተለት በ1775 ለንጉሣዊው የግድግዳ ምንጣፍ ፋብሪካ ንድፍ መሥራት ሲጀምር ነው። ከዚያ በኋላ ማዕረጉ እያደገ ሄዶ በ1789 የቤተ መንግሥት ሠዓሊ፣ በ1799 ደግሞ የቤተ መንግሥቱ ዋና ሠዓሊ ሆነ።

በዚህ መሀል፣ በ1792 መገባደጃ፣ ክፉ ሕመም ጣለው። የሕመሙ ምንነት እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ጎያ ግን በ46 ዓመቱ የመስማት ችሎታውን ፈጽሞ አጣ። ሲያገግም ለአንድ የአካዳሚው ሹም በጻፈው ደብዳቤ፣ በትእዛዝ በሚሠራ ሥዕል ቦታ የማያገኘውን ትዝብቱን በራሱ ፈቃድ በሚሠራቸው ትንንሽ ሥዕሎች ማስፈር እንደቻለ ገልጿል። ቀሪ ሥራውን ለመረዳት ከዚህ ደብዳቤ የተሻለ መነሻ አይገኝም። ሸራው ላይ የሚወጣውን የሚወስነው ገንዘቡን የሚከፍለው ሰው ነው። የኅትመት ሥዕል በሚቀረጽበት መዳብ ላይ ግን ጎያ የማንንም ትእዛዝ ሳይጠብቅ ይሠራል፤ ከአንድ ሰሌዳም ብዙ ቅጂ ያወጣል።

አሠራሩ ትዕግሥት ይጠይቃል። የመዳቡ ሰሌዳ ገጽ ሰም በበዛበት ድብልቅ ይሸፈንና ሥዕሉ በመርፌ ይጫራል። ሰሌዳው አሲድ ውስጥ ሲገባ አሲዱ የተጫረውን መስመር ብቻ እየበላ ይቦረቡረዋል። ከዚያ ቀለም ይቀባል፤ ላይ ላዩ ሲወለወል ቀለሙ ጎድጓዳው መስመር ውስጥ ይቀራል። እርጥብ ወረቀት ተደርቦበት በማተሚያው ሲጨመቅ ሥዕሉ ተገልብጦ ይወጣል። ጎያ በዚህ ላይ አኳቲንት የተባለውን ስልት ጨመረበት፦ የደቀቀ ሙጫ ሰሌዳው ላይ ተነስንሶ በሙቀት ይጣበቃል፤ አሲዱም በብናኞቹ መካከል እየገባ ጥላና ጭጋግ የሚመስል ግራጫ ይፈጥራል። የጎያ ጨለማ ጥልቀት ያገኘው ከዚህ ነው።

በ1799 «ካፕሪቾስ» የተባሉትን 80 ኅትመቶች ማድሪድ ውስጥ ሽቶና መጠጥ በሚሸጥበት ሱቅ ለገበያ አቀረበ። የአንዱ ስብስብ ዋጋ 320 ሬያል ነበር። ሥራዎቹ በአጉል እምነት፣ በገንዘብ በሚፈጸም ጋብቻ፣ በካህናትና በመኳንንት ብልግና ላይ የተሰነዘሩ ብርቱ ትችቶች ናቸው። ሽያጩ ብዙም ሳይቆይ ቆመ፤ የተሸጡት 27 ስብስቦች ብቻ ነበሩ። በ1803 ሰሌዳዎቹንና የተረፉትን ቅጂዎች ለንጉሡ አስረክቦ በምትኩ ለልጁ ጡረታ አስፈቀደ።

በ1808 የናፖሊዮን ጦር ስፔንን ያዘ። ጎያ ከ1810 ጀምሮ የጦርነቱንና ከዚያ የተከተለውን ረሃብ ግፍ መዳብ ላይ ይቀርጽ ገባ። የመዳብ እጥረት ስለነበር አስቀድሞ የመልክዓ ምድር ሥዕል የሠራባቸውን ሰሌዳዎች ቆራርጦ በጀርባቸው ተጠቅሟል። ከዚያ በፊት የተሣሉት የጦርነት ሥዕሎች በአብዛኛው የድል አድራጊ ንጉሥ ውዳሴ ነበሩ፤ በጎያ ሰሌዳዎች ላይ ግን ጀግና እምብዛም አይታይም። በብዛት የሚታዩት የተሰቀሉ፣ የተቆራረጡና የተራቡ ሰዎች ናቸው፤ ከአንዱ ሥር «አይቼዋለሁ» ብሎ ጽፏል። ጦርነቱ ሲያበቃ በ1814፣ የማድሪድ ሕዝብ በ1808 በናፖሊዮን ጦር ላይ ያነሣውን ዐመፅና በማግስቱ የተፈጸመውን ርሸና በሁለት ታላላቅ ሸራዎች ሣለ። በርሸናው ሥዕል ነጭ ሸሚዝ የለበሰው ሰው እጆቹን ዘርግቶ ሞቱን ሲጠብቅ፣ የገዳዮቹ ፊት አይታይም።

በ1819 ከማድሪድ ወጣ ብሎ በገዛው ቤት ግድግዳ ላይ «ጥቁር ሥዕሎች» የሚባሉትን 14 ሥራዎች በቀጥታ ልስኑ ላይ ሣለ። ኋላ ወደ ሸራ ተዛውረው ዛሬ በፕራዶ ሙዚየም ይገኛሉ። በ1824 ወደ ፈረንሳይ ሄዶ ቦርዶ ተቀመጠ። እዚያም ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ በድንጋይ ላይ በቅባታም እርሳስ በሚሣልበት በሊቶግራፍ፣ የኮርማ ፍልሚያን የሚያሳዩ አራት ኅትመቶች አወጣ። በ1828 በ82 ዓመቱ አረፈ።

የጦርነቱ ሰሌዳዎች ጎያ በሕይወት ሳለ ለሕዝብ አልቀረቡም። በወጣትነቱ ሁለት ጊዜ የመለሰው ያው የማድሪድ አካዳሚ «የጦርነት መዓቶች» በሚል ርእስ 80 ሰሌዳዎችን ያሳተመው በ1863፣ ጎያ ከሞተ ከ35 ዓመት በኋላ ነው።