ለሼኹ እንኳን አደረስዎ

ቅዱስ ጊዮርጊስን ለኢትዮጵያ አንባቢ ማስተዋወቅ ለቀባሪው ማርዳት ነው። በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ ተመሠረተ፤ ፈረሰኞቹ ይባላል፤ ዋንጫ ማንሳት ልማዱ ነው። ይኸው በቂ ነው። እኔ ማስተዋወቅ የፈለግሁት ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረውን አንድ የደጋፊዎቹን ልማድ ነው፦ ኢድ በመጣ ቁጥር ለክለቡ የክብር ፕሬዝዳንት ለሼኽ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ የሚባለውን «እንኳን አደረስዎ»።

በመጀመሪያ ግን አንድ የሚያናድደኝን ነገር ላውጣ። ስለዚህ ጉዳይ ወሬ በተነሳ ቁጥር አንዱ ይነሳና «የጊዮርጊስ ባለቤት እኮ ሙስሊም ናቸው» ይላል። ባለቤት! የእንግሊዝ ኳስ በዲኤስቲቪ ስናይ ውለን ስናድር የኛንም ክለቦች በዚያው ዓይን ማየት ጀመርን። ማንቸስተር ሲቲ ባለቤት አለው፤ ሼኽ መንሱር ናቸው፤ ከ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ክለቡን በገንዘባቸው ገዝተው ይዘውታል። ቢፈልጉ ነገ ይሸጡታል። የኛ አገር ክለብ እንዲህ አይደለም። መቻል (የቀድሞው መከላከያ) የሠራዊቱ ነው። ንግድ ባንክ የባንኩ፣ ኤሌክትሪክ የመብራት ኃይሉ ነው። ደሴ ከተማና ኮምቦልቻ ከተማም ስማቸው እንደሚናገረው የከተማዎቹ ናቸው፤ በጀታቸው ከከተማ አስተዳደሩ ደጅ አይርቅም። ቅዱስ ጊዮርጊስ ደግሞ ስፖርት ማኅበር ነው፤ አባላት አሉት፣ ቦርድ አለው፣ ፕሬዝዳንት አለው። ሼኹ በዚህ ማኅበር ውስጥ ያላቸው ቦታ የክብር ፕሬዝዳንትነት ነው፤ ኪሳቸውን የከፈቱ ትልቅ ደጋፊ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ባለቤት ማለት ግን ስሕተት ነው።

ልዩነቱ የጠበቃ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ለባለቤት የሚቀርብ ሰላምታና ለደጋፊ የሚቀርብ ሰላምታ አንድ አይደሉም። ባለቤቱን እንኳን አደረስዎ ስትለው ደመወዝህን እንደሚከፍል አለቃ ትፈራዋለህ፤ ትንሽም ቢሆን ታጎበድዳለህ። አብሮህ ለአንድ ቡድን የሚጨነቀውን ሰው ግን እንደ ጎረቤት ነው የምትለው። የጊዮርጊስ ደጋፊ ሼኹን «የኛ» ሲል የሰማ ሰው ይህን ያውቃል።

ሁለተኛው ስሕተት ደግሞ ስሙን አይቶ ክለቡን የክርስቲያን ማኅበር አድርጎ ማሰብ ነው። ስሙ የሰማዕቱ ነው፤ አራዳ ጊዮርጊስ የሚባለው ሰፈርም ክለቡ በተመሠረተበት በአራዳ ነው። ደጋፊው ግን መርካቶም አለ፣ ኮምቦልቻም አለ፣ ጅማም አለ። ሼኹ ራሳቸው አባታቸው የሐድረመውት፣ እናታቸው የወሎ ሰው ናቸው፤ ያደጉት ወልዲያ ነው። ወልዲያ ላይ በስማቸው የሚጠራው ከ25 ሺህ ሰው በላይ የሚይዘው ስታዲየም በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል። የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫም በ1998 ዓ.ም. ሩዋንዳ ላይ ሲካሄድ ወጪውን ስለሸፈኑ በስማቸው ተጠርቷል፤ ዋንጫውን ያነሳነውም እኛ ኢትዮጵያውያን ነበርን።

ወሎ ላይ የሙስሊም ሼኽና የሰማዕት ስም መገናኘት ለምን አያስገርምም? ደጋን ላይ ያየሁትን ላውራችሁ። ደጋን ለማያውቃት፣ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የቃሉ ወረዳ ከተማ ናት፤ አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም ነው። አንድ የአረፋ ማግስት እዚያ ቡና ቤት ቁጭ ብለን ሳለ፣ አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረ፣ የጊዮርጊስን ማልያ የለበሰ ጎረምሳ ስኒውን ከፍ አድርጎ «ሼኻችን እንኳን አደረሳቸው!» አለ። ባለ ቡናዋ ጀበናውን እንደያዘች ዞር ብላ «ሼኹ ሩቅ ናቸው፤ አጠገብህ ያለሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ እኔን እንኳን አደረሰሽ በለኝ» አለችው። ልጁ ከመቀመጫው ተነስቶ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ «እንኳን አደረሰሽ እትዬ» አላት። «እንኳን አብሮ አደረሰን» ብላ ሁለተኛውን ስኒ ቀዳችለት፤ ሒሳቡንም አልተቀበለችውም።

የበዓሉ ምግብ ነገር ደግሞ ብልሃት አለው። በአገራችን ልማድ ክርስቲያን የሙስሊሙን ሥጋ፣ ሙስሊምም የክርስቲያኑን አይበላም። ስለዚህ እንኳን አደረሰህ ሊል ለመጣ ክርስቲያን ጎረቤት ቡና ይፈላል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ቀሪቦ ይቀዳል። አቅም ያለው ደግሞ የቁም በግ ይሰጣል፤ ጎረቤቱ በራሱ ልማድ ባርኮ ያርዳል። ለፋሲካ ተራው ይገለበጣል። ልዩነቱ ቦታው ላይ አለ፤ ማንም የለም አይልም፤ ግን ቤት አያዘጋም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የምወደው ግን አዲስ አበባ ስታዲየም ነው። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. የእንግሊዙ ብላክበርን ሮቨርስ ኢዉድ ፓርክ ሜዳው ላይ የኢድ ሶላት እንዲሰገድ ሲፈቅድ በአገራቸው የመጀመሪያው ክለብ ነው ተብሎ ዜናው ዓለምን ዞረ። ዜናውን ስሰማ ፈገግ አልኩ። እኛ ዘንድ እኮ የኢድ ሶላት ስታዲየም ውስጥ ሲሰገድ ዓመታት አልፈዋል! የበዓሉ ክብር ግን በጥያቄ የመጣ ነው፤ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብረው አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ወጡ፤ ከጥያቄዎቹም አንዱ የእስልምና በዓላት ይከበሩ የሚል ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው መንግሥት ኢድ አል ፈጥርን፣ አረፋንና መውሊድን ብሔራዊ በዓል አደረጋቸው።

በኢድ ጠዋት ስታዲየሙን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካታንጋ፣ ዳኛ ሲሰደብበት በኖረው ደረጃ ላይ፣ ተክቢራ ይሰማል። ሚስማር ተራ የሚባለው ሌላው ደረጃ በነጭ ጀለቢያ ይሞላል። ሜዳው ላይ መስገጃው ከግብ ክልሉ ጀምሮ ተነጥፎ፣ የፍጹም ቅጣት ምት ነጥቡ በሁለት ሰዎች መስገጃ መካከል ብቅ ይላል። የግቡ ብረት እዚያው እንደቆመ ነው፤ ጫማ የሚያኖርበት ያጣ ሰው ሥሩ ያስቀምጣል። ቦታ ያጣው ደግሞ ውጭ አስፋልቱ ላይ ይሰግዳል። አንዱ ቦታ ለኳስም ለሶላትም ሲሆን ማንም አይገረምም።

ስለ ሼኹ ከተነሳ ሪያድን መዝለል አይቻልም። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ከሳዑዲ መሳፍንትና ከባለሀብቶች ጋር ታስረው፣ የተፈቱት በጥር 2011 ነው። የ2010 ዓ.ም. ኢድ አል ፈጥርም አረፋም ያለፉት እስር ላይ ሳሉ ነው። ያን ጊዜ ደጋን ላይ «እንኳን አደረስዎ» ሲባል ስሰማ የሰላምታው ድምፅ ተለውጦ ነበር፤ «በሰላም ያውጣዎ» የሚል ተጨመረበት። ሰው ከገንዘቡ ርቆ ሲታሰርም የሚባል ሰላምታ መሆኑን ያየሁት ያኔ ነው።

አሁን ለደጋፊው የምለው አለኝ። አንደኛ፣ ጨረቃ ሳትታይ አትቸኩሉ፤ ረመዳን 29 ሊሆን ይችላል፣ 30ም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ለወሎ ሰው አረፋን ረስቶ ፈጥርን ብቻ ማስታወስ ነውር ነው። ሦስተኛ፣ እንኳን አደረስዎ ካላችሁ በኋላ በዚያው ትንፋሽ «አጥቂ ይግዙልን» አትበሉ፤ በዓል የዝውውር መስኮት አይደለም። ደግሞ የእንግሊዙ ኒውካስል ደጋፊዎች በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ክለባቸው በሳዑዲ ገንዘብ ሲገዛ የዓረብ ጥምጥም መሳይ ጨርቅ ጠምጥመው እንደመጡት አትሁኑ፤ ክለቡ ራሱ መጀመሪያ ተዉ ብሏቸው ነበር። ሰውን ማክበር ልብሱን መቅዳት አይደለም።

ትልቁ ቅሬታዬ ግን ይኸው ነው። ሩቅ ላሉት ሼኽ ሰላምታ የሚልክ ደጋፊ፣ በረመዳን ጾሞ ሲሮጥ የዋለ ተከላካይ አንድ ኳስ ቢስት ይሰድበዋል። ትጥቅ አጥቢው፣ በር ጠባቂው፣ ኳስ አቀባዩ ልጅ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን ጠይቆ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ የሚቀጥለው ኢድ ሲመጣ ሰላምታውን ከታች ጀምሩት፤ መጀመሪያ ለትጥቅ አጥቢው፣ ቀጥሎ ለተጫዋቹ፣ ከዚያ በኋላ ለሼኹ።